ልስኑ እስኪደርቅ

ወንድሟ ስልክ የሚያወራው መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ የቧንቧውን ውሃ ከፍቶ ነበር። ውሃው ድምፁን የሚሸፍንለት መስሎታል። የመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት ግን የሚከፈተው ልብስ ወደሚሰጣበት ጠባብ ጓሮ ነው፤ እሷም የአባቷን አንሶላ እየጨመቀች እዚያው መስኮቱ ሥር ቆማለች። "አዎ፣ በቋሚነት ነው" አለ ወንድሟ። "እሱ አያውቅም። እኛ የምንለው ልስኑ እስኪደርቅ ነው። አንዴ ከገባ ይለምደዋል።" ከወዲያ የሚነገረውን ትንሽ አዳመጠና፣ "ደረቱ ነው እንጂ ሌላ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ጸባዩ ጥሩ ነው" አለ፤ አሮጌ ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው "ሞተሩ ደህና ነው" በሚልበት ድምፅ። "የአረጋውያን መጦሪያ ስትሉኝ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ሳየው ግን ንጹሕ ነው" ብሎ አመሰገናቸው። ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ። እሷ አንሶላውን መጨመቋን ቀጠለች፤ ከጨርቁ የሚወጣ ውሃ ካለቀ ቆይቷል።

ነገሩ የግድግዳ ነገር ነበር። የአባቷ ክፍል ከቤቱ ሁሉ ሰፊው ነው። የወንድሟ ልጆች፣ ወንዱም ሴቷም፣ አድገው ሳለ እስከዛሬ ከእናት ከአባታቸው ጋር በአንድ ክፍል ይታፈናሉ። ስለዚህ የአባባ ክፍል ለሁለት ይከፈል ተባለ፤ ግማሹ ለአባባ፣ ግማሹ ለልጆቹ። አባቷም "ምን ከፋኝ፣ ሲሳሳቁ እየሰማሁ እተኛለሁ" ብለው ተስማምተው ነበር። ዛሬ ጠዋት፣ የቁርሱ ሻይ ሳይነሳ፣ ቱንቢ መጣ። ቱንቢ ሙያውን ከአባቷ እጅ የተማረ፣ አሁን የራሱ ሠራተኞች ያሉት ግድግዳ ሠሪ ነው። ስሙን ያወጡለት አባቷ ናቸው፤ ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለነበረ፣ የግድግዳን ቀጥታ ለማየት በክር በሚንጠለጠለው ብረት ጠሩት፤ ዛሬ እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። ክፍሉን ለካ፣ በጣቱ መገጣጠሚያ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገና "ሁለት መንገድ አለ" አለ። አንደኛው ብሎኬት ደርድሮ በስሚንቶ መለሰን ነው፤ ያረጀውም ግድግዳ አብሮ ይታደሳል። ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ግን ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ቤቱም እስከዚያ እንደ ጉድጓድ ይረጥባል። ሁለተኛው ጂፕሰም ቦርድ ነው፤ የብረት ዘንግ ይቆምና ቦርዱ በሁለት በኩል ይመታበታል፤ አሮጌውም በዚያው ይሸፈናል። እሱ ውሃም እርጥበትም የለውም።

"እኔ ምን አውቄ" አለ ያን ጊዜ ወንድሟ፣ ከረባቱን እያጠበቀ። "ሙያው የአባባ ነው። አባባ ይምረጥ። ቱንቢ፣ አመሻሽ ላይ ብቅ በል፤ እሱ ያለውን እናደርጋለን።" አባቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ሰው ምክር ከጠየቃቸው ስንት ዘመኑ። እሷም ወንድሟን በልቧ መረቀችው። አሁን ጓሮ ቆማ ምርቃቷን መልሳ ወሰደችው። ዕድሜውን ሙሉ ሲለስን የኖረ ሰው "ልስን ወይስ ቦርድ?" ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰውን ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። አባቷ ልስን ይላሉ። ልስን ካሉ፣ ሐኪሙ እርጥብ ግድግዳ ባለበት ቤት እንዳያድሩ ስለከለከላቸው፣ ከቤት ይወጣሉ። ከወጡ በኋላ ግማሹ ክፍል ለወንዱ፣ ግማሹ ለሴቷ ነው። ማንም ውጣ ሳይላቸው፣ በገዛ አፋቸው መርጠው ሊወጡ ነው። ቦርድ ካሉ ግን የሚደርቅ ነገር የለም፤ የሚደርቅ ከሌለ የሚያስወጣ ምክንያት የለም። አንሶላውን አሰጣችና ገመዱን ይዛ ይህንን ደግማ ደጋግማ አሰበችው። ነገሩ ሁሉ ተጨምቆ ከአባቷ አፍ የሚወጣ አንድ ቃል ሆነ።

ወንድሟን ፊት ለፊት ልትጠይቀው አስባ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያስር አገኘችው፤ አንገቱ ቀጥኗል፣ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል። አባታቸው ሌሊት ሌሊት ሲያስሉ እሱም ነቅቶ እንደሚያድር ታውቃለች፤ ሳሉ ሲያቆም ደግሞ የባሰ ነቅቶ እንደሚያዳምጥ። "እትዬ፣ ምነው? ምን ሆነሻል?" አላት ቀና ብሎ። "ምንም፤ አንሶላ እያጠብኩ" አለች። ቤቱ አባታቸው የታመሙ ጊዜ በእሱ ስም ዞሯል። እሷ የምትተኛው ሳሎን ውስጥ፣ ራሷ ከሰፋችው መጋረጃ ጀርባ ነው። አንድ ቃል ብትተነፍስ ጠቡ በአደባባይ ይሆናል፤ በአደባባይ የተጣላ ደግሞ ወደኋላ አይመለስም፣ አንድ ሽማግሌ የሚያስወጣ ቤት አንዲት ቆማ የቀረች እህት ለማስወጣት አይቸግረውም። ይህን ያሰበችው ለአባቷ ነው ወይስ ለራሷ፣ መንገዱን ሙሉ ስትመረምረው ሄደች፤ አልለየላትም።

የምትሠራው መጋረጃ ቤት ነው። ባለሱቋ በጠዋት የጨርቅ ዋጋ ስለመጨመሩ ታማርራለች፤ "ሰው በቅርቡ መስኮቱን በጋዜጣ መሸፈን ይጀምራል፤ እኛም ጋዜጣ እንሰፋለን" ትላለች። የዛሬው ሥራ የአንድ የጥርስ ሐኪም አዲስ ክሊኒክ ነበር፤ እሷ ጨርቁን ይዛ፣ መጋረጃ ሰቃዩ መሰርሰሪያውን ይዞ ሄዱ። መጋረጃ የሚሰቀለው ሁሉም ነገር ካለቀ፣ ቀለሙ ከተቀባ፣ ወለሉ ከተወለወለ በኋላ ነው፤ እሷ ቤቶችን የምታውቃቸው እንደ ሙሽራ ተኳኩለው ነው። የክሊኒኩ ግድግዳ ቦርድ ነበር። ሰቃዩ የመጋረጃውን ዘንግ ሊያስር ብሎኑን ሲያጠብቀው ብሎኑ ዝም ብሎ ዞረ፤ ምንም የሚይዝለት ነገር አላገኘም። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ያም ዞረ። "ዶክተር፣ ይሄ መነቀል ነው እንጂ መሞላት አይሆንለትም" አለ ሰቃዩ፤ ሐኪሙ ሳቀ፣ እሷም ልትስቅ አፏን ከፈተች። ብሎኑን በጣቷ ነካችው፤ ተወዛወዘ። አባቷ ቦርድን ሲንቁ የሚሉት ሁሉ እውነት ነበር። እሷ ደግሞ ዛሬ እውነታቸውን ልታስጥላቸው ነው የምትሄደው።

በምሳ ሰዓት ቱንቢ ወደሚሠራበት ሕንፃ ሄደች። ደረጃው መደገፊያ አልነበረውም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ቱንቢ ከሠራተኞቹ ጋር ዳቦ ሲበላ አገኘችው፤ ሲያያት እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተነሳ።

"እታለም! ጋሼ ምን አሉ? ልስን አሉ አይደል?"

"ገና አላሉም። ለመሆኑ ቦርዱ ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ለእናንተዋ ክፍል? ነገ ብጀምር ከነገ ወዲያ ግድግዳሽ ቆሞ ትደገፊዋለሽ።"

"እርጥበት የለውም?"

"ምን እርጥበት አለው! ቦርድ እኮ እርጥበት ካየ ይሞታል።"

"እንግዲያው ቁራጭ ስጠኝ፤ ለአባባ ላሳየው።"

ቱንቢ ዳቦው እስኪያንቀው ሳቀ። "ለጋሼ ቦርድ? ለድመት ጎመን ልትሸጪ? ቦርድ መሥራት የጀመርኩ ቀን ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? 'አንተ ልጅ፣ የጫማ ካርቶን መደርደር አምሮህ ከነበረ ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ፣ ጫማ ቤት አስቀጥርህ ነበር' አሉኝ። እስከዛሬ የሠራሁት ቤት ውስጥ ሲገቡ ጀርባቸውን አያስደግፉም።" እየሳቀ ከጥግ አንድ ቁራጭ አንስቶ በክርኑ ጠረገና ሰጣት። እሷም በአንድ እጇ ይዛው ወረደች። ከመጽሐፍ አይከብድም። ደረጃው ላይ ሳለች ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባለሱቋን "አባባ አመመው" ብላ አስፈቅዳ ወደ ቤት ሄደች፤ ውሸትም እውነትም ነበር።

ቤቱ ጭር ብሏል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ሳሎኑ ውስጥ የግድግዳ ሰዓቱ ብቻ ይሠራል። አባቷ አልጋቸው ላይ ትራሱን ተደግፈው በመስኮት የሚገባውን ብርሃን ግድግዳው ላይ ይከተላሉ። የዚህን ክፍል ግድግዳ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የለሰኑት፣ ቤቱንም ሁሉ። ከታች በኩል እርጥበት ገብቶ ልጦታል፤ ከላይ ግን አሁንም እንደ ብራና ለስላሳ ነው፤ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙበት ጥግ ከጣራ እስከ ወለል በአንድ ክር ይወርዳል። ብርሃኑ በጎን ሲመታው እንኳ አንድ እብጠት፣ አንድ ጉድጓድ አያሳይም። በዚህ ሥራ የገባ ስሚንቶና ኖራ ነው ዛሬ ደረታቸው ውስጥ ተቀምጦ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ የሚያሰኘው። ቁራጩን አልጋው ላይ አስቀመጠችላቸው። አባቷ የሞተች አይጥ በጅራቷ እንደሚያነሱ በሁለት ጣታቸው አነሱት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቦርድ ነው አባባ። ቱንቢ ነው የሰጠኝ።"

"የበላበትን ወጪት ሰባሪ! ይሄን እኮ ተናደሽ በቡጢ ብትመቺው፣ እጅሽ ወዲያ አልፎ ጎረቤትሽን ጨብጦ ይመለሳል።"

"ቀላል ነው ይላሉ።"

"ቀላልማ ነው። ሐሜትም ቀላል ነው።" ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ ሲጥሲጥታ። ትከሻቸውን ይዛ ቆየች። ሲተዋቸው ዓይናቸውን ጠርገው "ዛሬ ምሽት ለቱንቢ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ" አሉ፤ "ብሎኬቱ እንዴት እንደሚደረደር ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። ልጅሽ ጠየቀኝ እኮ፤ አየሽ ዛሬ?" ወንድሟን ሁልጊዜ ለእሷ ሲነግሯት "ልጅሽ" ይሉታል፤ በእናታቸው ፈንታ አሳድጋዋለች።

ብዙ ምክንያት አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ቦርድ ለወለሉ አይከብድም፣ ጊዜው የቦርድ ነው፣ የትልልቅ ሰው ቤት ሁሉ በሱ ነው። አንዱንም ሳትጨርስ አባቷ በቀልድ መለሱላት። ቶሎ ያልቃል ስትላቸው "ቶሎ የሚያልቅ ቶሎ ያልቃል" አሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየቻቸው ወራት አልፏል። ደስታቸውን ትንሽ ልታቆየው ፈለገች፤ ተነሳች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ መድኃኒታቸውን አስተካከለች፣ ሊያልቅ የቀረበውን ጠርሙስ ወደ ፊት አመጣችው። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው "አባባ፣ ልስን እንዳትል" አለች። "ልስን ካልክ ይወስዱሃል።"

የሰማችውን አንድም ሳትጨምር ነገረቻቸው። ቧንቧውን፣ "በቋሚነት" የሚለውን፣ "ይለምደዋል" የሚለውን። ጸባያቸው ጥሩ እንደሆነ የተመሰከረላቸውን ግን ዘለለችው። ግማሹ ክፍል ለወንዱ፣ ግማሹ ለሴቷ መሆኑንም ነገረቻቸው። አባቷ የቦርዱን ጥግ በጣታቸው ያዝ አድርገው ቆርሰው፣ ቁራሹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"ሚስቱ ናት?" አሉ።

"እሱ ራሱ ነው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

ቁራሹን አልጋው ላይ አስቀመጡት። ሳላቸው እንኳ አልመጣም። የሰዓቱ ድምፅ በበሩ ሥር ገባ፣ ከጓሮ የተሰጣው አንሶላ በነፋስ ሲማታ ተሰማ። "እዚያስ ቤት" አሉ በመጨረሻ "ግድግዳውን በምን ሠርተውት ይሆን?" እሷ ቁራሹን ከአልጋው ላይ ስታነሳ በዓይናቸው ተከተሉት። "እኔ ቦርድ ብዬ! ለዚያውም ቱንቢ ፊት!"

"አንድ ቃል ናት አባባ።"

"አንድ ቃል ናት" አሉ እሳቸውም። መዳፋቸውን አልጋው አጠገብ ወዳለው ግድግዳ ሰደዱ፤ እጃቸው ልስኑ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ፣ የታመመ ሰው ግንባር ላይ እንደሚቀመጥ። ከዚያ አነሱትና "እሺ። የሚመሰገንበትን ንገሪኝ" አሉ። "ዝም ብሎ ቦርድ ቢባል አያምኑም፤ ይጠረጥራሉ። ምክንያት ያስፈልገዋል።"

ነገረቻቸው፤ አንድ በአንድ ተቀበሏት። እንደ ተማሪ ልጅ ዓይናቸውን ጣራ ላይ ተክለው ደገሙት፤ ሲሳሳቱ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። "ቦርድ ይሻለኛል በል" ስትላቸው አስቆሟት። "ይሻለኛል አይባልም። እንደሱ የሚል የታመመ ሰው ነው። ባለሙያ ይሻላል ነው የሚለው።" የቀረውን ከሰዓት በዚሁ አሳለፉት። ጺማቸውን ላጨቻቸው፤ ኮታቸውን ጠየቁ፣ አቧራውን አራግፋ አለበሰቻቸው። ኮቱ ሰፍቷቸዋል። ትከሻው ላይ መርፌ ይዛ ትንሽ ልታጠብበው አሰበች፤ ጊዜው አልበቃትም።

አመሻሹ ላይ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ልጆቹ መኝታ ቤት ገብተው የቤት ሥራ እንዲሠሩ ተነገራቸው። ወንድሟ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከቷል። ሚስቱ ሻይ አቀረበች፤ ቀኑን ሙሉ የቆመችበት እግሯ አብጧል፣ ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃለች። ቱንቢ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። አባቷ ማንም ሳይደግፋቸው ከክፍላቸው ወጥተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው መሐል ተቀመጡ። እሷ ከመጋረጃዋ አጠገብ ቆማለች፤ ከንፈሯ ሳይታወቃት የተጠናውን እየደገመች ነበር።

"እህስ አባባ" አለ ወንድሟ፣ "ምን ወሰንክ? አንተ ያልከው ነው።"

"ቦርድ" አሉ አባቷ።

ቱንቢ ሳቀ። "ጋሼ ደግሞ! ጨዋታ አይለቃቸውም እኮ።"

"ጨዋታ አይደለም። ቦርድ ይሻላል። ለወለሉ አይከብድም። ቶሎ ያልቃል። ውሃ የለው፣ እርጥበት የለው። ጊዜውም የቦርድ ነው። የትልልቅ ሰው ቤት ሁሉ በሱ ነው።" አንዲትም አላጎደሉም። ድምፃቸው ግን የራሳቸው አልነበረም፤ ከቃል የተጠና ነገር ሁሉ እንደሚሰማው ጠፍጣፋ ነበር። የቱንቢ ሳቅ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና የት እንደሚሄድ ሲያጣ ጠፋ። መምህሩን ሳያስበው ራቁቱን እንዳየ ሰው አንገቱን ሰብሮ የሻዩን ብርጭቆ ማዞር ጀመረ። ወንድሟ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ብርጭቆዋን አየች።

"እርግጠኛ ነህ አባባ? ልስን ብትል እኮ ደስ ይለናል። ወጪውን አስበህ ከሆነ . . ."

"ሙያው የአባባ ነው አላልክም?"

"ብያለሁ።" ወንድሟ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። እሷ ይህንን አየች፤ መጋረጃዋን ጨበጠች። አባቷ ቀና ብለው ከተቀመጡበት ሆነው ወደ እሷ አንዴ ተመለከቱ፤ እንዴት ነው፣ ደህና አልኩት ወይ የሚል አስተያየት ነበር። "ይሁን እንግዲህ፣ ቦርድ ይሁን" አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ።

ቱንቢ ከገባበት እፍረት ለመውጣት ወደሚያውቀው ነገር ሮጠ፤ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፣ ስለ ሥራው በችኮላ ያወራ ጀመር። "ጥሩ ነው፤ እኔም ይቀለኛል። ነገ ጀምሬ ከነገ ወዲያ አቆመዋለሁ። ከዚያ የስቱኮው፣ የማለስለሻው ሊጥ ሥራ ነው። መገጣጠሚያውን በስቱኮ እንደፍናለን፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እንፈገፍገዋለን፣ ደግሞ እንቀባለን፣ ደግሞ እንፈገፍጋለን፤ ሁሉም ግድግዳ እስኪለሰልስ። ያን ጊዜ ብቻ ጋሼ ከቤት ዞር ይበሉልን። ሲፈገፈግ የሚበነው ዱቄት ክፉ ነው፤ እኛ ጤነኞቹ እንኳ አፍንጫችንን አስረን ነው። በላስቲክ ብንጋርደው በበር ሥር ይገባል፤ ቤቱን ሁሉ ያለብሰዋል። ለእርሳቸው ደረት በፍጹም አይሆንም።"

እሷ ቱንቢን ስንት ቀን ይፈጃል ብላ ጠይቃው ነበር፤ ከቆመ በኋላ ምን ይሆናል ብላ ግን አልጠየቀችውም። የለሳኝ ልጅ ናት፤ በእነሱ ቤት ቋንቋ ግድግዳ ከተለሰነ አለቀ፣ ማለስለሱ ራሱ ልስኑ ነው። አባቷም ቢሆኑ ቦርድን ሲንቁት ስለኖሩ ምን እንደሚጠይቅ አንድ ቀን ቀርበው አላዩትም። በዚህች ከተማ ውስጥ ይህንን የማያውቁ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ ዛሬ ከሰዓት አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠው የቦርድን ምስጋና ሲያጠኑ የዋሉት ሁለቱ ነበሩ።

"እንግዲያማ" አለ ወንድሟ፤ ድምፁ ለስልሷል፣ እፎይታውን ሊደብቅ እንኳ አልሞከረም። "ጤናው ይቀድማል። ለጥቂት ጊዜ የሚያርፍበት ንጹሕ ቦታ እኔ አውቃለሁ።"

"ለእርስዎ ደረት ተብሎ ነው እኮ አባባ" አለች ሚስቱ፤ የምሯን ነበር።

አባቷ ሁለቱንም አላዩም። ቱንቢን ብቻ ነው ያዩት። "ዱቄት አለው?" አሉት።

"አለው እንጂ ጋሼ። አያውቁም እንዴ?"

"አላውቅም። ነክቼው አላውቅም።" የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ፤ አየር ያጠራቸው ይመስል ነበር። "እንግዲያው ልስን አድርጉት" አሉ።

"እንዴ አባባ፣ አሁን ቦርድ . . ."

"ልስን አድርጉት አልኩ።" አሁን ድምፃቸው የራሳቸው ነበር፤ ቱንቢ ሳያውቀው ከወንበሩ ተነሳ። "አሸዋውን በወንፊት ንፉት። ብሎኬቱን ከመለሰናችሁ በፊት ውሃ አጠጡት፤ የተጠማ ግድግዳ ልስን አይዝም። የመጀመሪያው እጅ ሳይጠና ሁለተኛውን አትጫኑበት።"

"እሺ ጋሼ።"

"በዚያ በኩል ያለውን የድሮውን ልስን እስከ ብሎኬቱ አራግፈው። አትራራለት።"

"እሺ ጋሼ።"

"ደግሞ አትቸኩሉ። ልጆቹን በየግማሻቸው የምታስገቧቸው በደንብ ሲደርቅ ነው። ይበርዳቸዋል።"

ወንድሟ "እሺ አባባ" ሊል ከንፈሩን ከፍቶ፣ "በየግማሻቸው" የሚለው ዘግይቶ ደረሰበት። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ሚስቱን አላየም፣ አባቱን አላየም፤ ቀስ ብሎ ዞሮ እህቱን አየ። እሷ ዓይኗን አላነሳችም። ከመኝታ ቤቱ የልጆቹ ሳቅ መጣ፤ አንዱ አንዱን በትራስ የመታ ይመስላል። ቱንቢ ሜትሩን አጠፈና "ደህና እደሩ" ሳይል ወጣ።

አባቷ የወንበሩን እጀታ ይዘው ሊነሱ ሞከሩ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። እሷ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሮጣ ደርሳ እጇን ከብብታቸው ሥር ልታስገባ ጎንበስ አለች። አባቷ ክንዳቸውን ሰበሰቡ፤ "ቱንቢ ፊት ቦርድ አሰኘሽኝ" አሉ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። በእሷ ትከሻ አሻግረው ወደ ምራታቸው እጃቸውን ዘረጉና፣ "ያዥኝ እስቲ የኔ ልጅ" አሉ። ምራትየዋ ደንግጣ ባሏን አየች፤ ከዚያ ባዶ እግሯን ተነስታ ያዘቻቸው። ሁለቱ ተደጋግፈው፣ በየሁለት እርምጃው ቆም እያሉ፣ ወደ ክፍሉ ገቡ። በሩ ተዘጋ። እሷ ወንበሩ ላይ ጎንበስ እንዳለች፣ እጇ እንደተዘረጋ ቀረች።